ለቅሶዋ ላይ የደረሰችው ወጥ ሠሪ

«አዴ ዲንቄን ትንሽ አሟታል፤ እስቲ ብቅ በይ።»

እናቴ እንዲህ ብላ የደወለችልኝ ባለፈው ሐምሌ ነው። ሰበታ፣ ቤቴ በር ላይ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። በኛ ዘንድ «ትንሽ አሟታል» ተብሎ በለሰለሰ ድምፅ ከተነገረ ሰውየው አልቋል ማለት ነው። የእውነት የታመመ ሰው ሲሆን «ሆስፒታል ገብቷል፣ አጥሚት ይዘሽ ነይ» ይባላል እንጂ «እስቲ ብቅ በይ» አይባልም።

«የእውነት ነው ወይስ እንደዚያን ጊዜው?» አልኳት።

 «የእውነት ነው ልጄ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

እኔን ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። አልዋሽም። አዴ ዲንቄን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አልቅሰናታል። ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ መሬት ላይ ተኝተን አልቅሰናታል። በሦስተኛው ቀን በእግሯ መጥታ ተቀላቀለችን። ስለዚህ ቡራዩ ደርሼ አስከሬኗን በዓይኔ እስካይ ድረስ ግማሽ ልቤ አላመነም ነበር። ካየሁ በኋላ ሳቁም አለቀ፤ እንደ ሰው አለቀስኩ።

አዴ ዲንቄ የሠርግ ወጥ ሠሪ ነበረች። ቡራዩም ይሁን ሰበታ ወይም ሱሉልታ፣ ልጁን የሚድር ሰው ቀን ከመቁረጡ በፊት «አዴ ዲንቄ ትገኛለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም «አዴ» ነው የሚላት፤ እንደ «ወይዘሮ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ወፍራም፣ አጭር፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ የዘይት ፍንጣሪ ያዥጎረጎረው ሴት ነበረች። ወጥ የምትቀምሰው በማንኪያ አልነበረም፤ በግራ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሰዋለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እኛ ሁላችን ሥራ አቁመን ያችን የተጨፈነች ዓይን እንጠብቃለን። ዓይኗ ቶሎ ከተከፈተ ደህና ነው። ከቆየች አለቀልን።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ከአስፋልቱ ወደ ገፈርሳ መሄጃ ገባ ብሎ። ከፊት የእማዬ ሱቅ፣ ከኋላ የእሷ አንዲት ክፍል። ዕድሜዋ ሃምሳን ዘለል ብሏል፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ ሲቀር ግቢው ውስጥ እንደ ታሰረ ፍየል ስዞር አየችኝና ጠራችኝ።

«ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ቢላ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ዝም ማለትስ?»

«እሱን አልችልም።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ዝም የሚል ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ ያለቅሳል።»

እንዲህ ሆኜ ሽንኩርት ከታፊዋ ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ብያት ነበር። ማማሰያዋን አንሥታ «አንቱ የሚባለው የልጅ ልጅ ያለው ነው። እኔን አንቺ በዪኝ፤ ወጣት ነኝ፣ ማንም አላስረጀኝም» አለችኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አልጋዋ ግን የሁለት ሰው ነው። ለምን ትልቅ አልጋ እንደገዛች ጠየቅኳት። «በሰያፍ ልተኛበት» አለች። ሥራ በሌለባት እሑድ እስከ ረፋድ ትተኛለች፤ ስትነሳ ሬዲዮዋን ከፍታ እንቁላሏን ከነመጥበሻው ትበላለች፤ ከዚያ እግሯን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ በር ላይ ትቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ትተቻለች። ደስተኛ ነበረች። ይህን የምለው ስለሞተች አይደለም፤ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

«ብቻ የመኖር ችግሩ ሁለት ነው» ትል ነበር፤ «ከኋላ የሚዘጋ ዚፕና በሌሊት የሚነሣ ቁርጠት። ለዚፑ አንቺ አለሽ።»

ስለ ቁርጠቱ ምንም አትልም።

ከእማዬ ጋር ደግሞ ዘወትር ይነቋቆሩ ነበር። አባዬ በነቀምት መንገድ የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሁለት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። አዴ ዲንቄ ይህችን አትለቃትም።

«አንቺ፣ ባል ነው ያለሽ ወይስ እንግዳ?»

«እኔስ የሚመጣ እንግዳ አለኝ» ትላለች እማዬ፤ «ያንቺን በር የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።»

«እሱም አንብቦ ይሄዳል። ካልሲ አያሳጥበኝም።»

«ሲያምሽ ‹ካልሲ አጥቤ በነበር› ትያለሽ።»

«አንቺ ሲያምሽ ማን አጠበልሽ? እኔ አይደለሁ?»

እማዬ ትስቅና ከሱቋ ስኳር ትሰጣታለች። እኔ በሁለቱ መሃል ተቀምጬ ሳያቸው ባለትዳሯ እናቴ ከላጤዋ ይበልጥ ብቻዋን የምታድር ሴት ናት። ግን ደግሞ አባዬ በሚመጣበት ቀን እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ ይለወጣል፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ያለ ምክንያት ትዘፍናለች። እንደዚያ አይነት ቀን አዴ ዲንቄ አልነበራትም። እሷም ታውቀዋለች፤ የዚያን ቀን እኛ ቤት ድርሽ አትልም።

ትዳርን ትጠላለች የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ሙሽሮች ሲገቡ ድስቷን ትታ፣ እጇን ጠርጋ፣ በድንኳኑ ቀዳዳ አጮልቃ ከሁሉ ሰው አብልጣ እልል የምትለው እሷ ናት።

«አትቀኚም?» አልኳት አንድ ቀን።

«እቀናለሁ እንጂ! ለአንድ አፍታ። ከዚያ ወጡ ያርርብኛል።»

ሱሉልታ ያደገችበት ቀበሌ አንድ ሰው ነበር አሉ። ሽማግሌ ልኮ አባቷ «ገና ናት» ብለው መለሱት፤ እሱም ሌላ አገባ። ሠርጉን የሠራችው እሷ ናት።

«መርዝ አልጨመርሽበትም?» አልኳት።

«ጨው አሳንሼበታለሁ።»

እኔን ሽማግሌ የላከብኝ ጌታሁን ይባላል። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የተዋወቅነው ሰበታ አንድ ሠርግ ላይ ጄኔሬተር ሊጠግን መጥቶ የሽንኩርት ልጣጬን ስለረገጠ ነው። ስልክ ተለዋወጥን፣ ከዓመት በላይ አወራን። ከዚያ እኔን ሳያማክር በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት ባለው እሑድ ሽማግሌ ላከ። ሊቀመንበራቸው ደግሞ የሰፈራችን የእድር ዳኛ ኦቦ ፈይሳ ሆኑ፤ የሰፈሩን ነገር ሁሉ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። እማዬ በወጉ «እንምከርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብላ ሸኘቻቸው።

ጌታሁን ምንም አይወጣለትም ነበር። ችግሬም እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን እምቢ ብዬ እገላገል ነበር።

«አንቺ ልጅ» አለች እማዬ፤ «ትዕግስት ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ? እንደ ዲንቄ ልትቀሪ ነው?»

«ዲንቄ ምን ሆነች?»

«ዛሬማ ምን ትሆናለች። ነገ ስትሞት ማን ይቀብራታል? ማን ደረቱን ይመታላታል?»

ይህች ነገር ውስጤ ገባች። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስለ ሞት የማስብበት ዕድሜ አልነበረም። ግን ያ ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ ሞት የሚያስብበት ጊዜ ነበር። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ዓመት ነው። መንገድ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ ሲጫወት ያየነው ልጅ ሰኞ ጣቢያ ነው ይባላል፣ ወይም የት እንዳለ አይታወቅም። ሠርጎች ግን አልቀሩም፤ ጥር ጥር ነው።

በዚያው ሰሞን ከአዴ ዲንቄ ጋር ድስትና ሰታቴ በጋሪ ጭነን ስንሄድ ልጆች አስፋልቱን በድንጋይ ዘግተው አገኘን። እኔ ልመለስ አልኩ። እሷ ከጋሪው ወርዳ ወገቧን ያዘች።

«አካም ጂርቱ ኢጆሌ? እንዴት ናችሁ ልጆች? ሙሽራ ጾሟን ታድርላችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ድንጋዩን አንሥተው አሳለፉንና መልሰው ደረደሩት። አንዱ ከኋላችን «አዴ፣ ስትመለሺ አጥንት እንዳትረሺን!» ብሎ ጮኸ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ወታደር አስቆመን። «ድስቱ ውስጥ ምንድነው?» «በርበሬ ነው ልጄ።» አላመነም፤ ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫውን አስገባ። እኛ ጥጉን ስንታጠፍ ገና ያነጥስ ነበር።

እኔ ለሳምንት ስቄበታለሁ። እሷ ግን ከሠርጉ የተረፈውን በሳህን ሸፍና፣ ከነዚያ ልጆች ሁለቱ ከተያዙ በኋላ፣ ጣቢያ በር ላይ ከእናቶቻቸው ጋር ተሰልፋ ቆመች። «ማን ብለሽ ነው የምታስገቢው?» ተብላ ስትጠየቅ «አጥንት ቃል ገብቼ» አለች።

ሽማግሌዎቹ በመጡ በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሱሉልታ ሠርግ ልትሠራ ብቻዋን ሄደች። እኔን አልወሰደችኝም።

«አንቺ እዚህ ቁጭ በዪና መልስሽን አብስዪ» አለችኝ።

«አንቺ ምን ትያለሽ? ላግባ?»

«እኔ አግብቼ አላውቅ፤ ምን ብዬ ልምከርሽ? ያልቀመስኩትን ወጥ ጨው በዛ አልልም።»

ሄደች። በማግስቱ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። አባዬም ነቀምት እንደሄደ ወሬው ተቋረጠ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ የአይሱዙ ሹፌር እማዬ ሱቅ በር ላይ ቆመና፣ ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለ፦

«ዲንቄ ወጥ ሠሪዋን ትንሽ አሟታል። ዘመድ ካላት አንድ ሰው ብቅ ይበል ብለዋል።»

 ሹፌሩ መንገድ ሳይዘጋበት ሊያልፍ ቸኩሎ ነበር፤ ጥያቄ ሳትጠይቀው ሄደ። «ትንሽ አሟታል» አለ፣ «ብቅ ይበል» አለ፣ አንገቱን ደፋ። ከዚህ በላይ መርዶ የለም።

እማዬ ያን ቀን ለኔ አልነገረችኝም። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ በወጉ፣ በሽማግሌ። ችግሩ አዴ ዲንቄ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ሱሉልታ ያሉት የወንድሟ ልጆች ናቸው፤ እዚህ የማን በር ይንኳኳ? ሲመክሩ አድረው የኔን በር አንኳኩ።

ገና ጎህ ሲቀድ ነው። በሩን ስከፍት ኦቦ ፈይሳ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሁለት ሽማግሌ ጋር ቆመዋል።

«ገና አምስት ቀን አለ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ሁለት ሳምንት አልተባባልንም? ምን አይነት ችኮላ ነው ይሄ?»

ኦቦ ፈይሳ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ ለሱ አይደለም» አሉ። እማዬ ከኋላቸው ስታለቅስ ሳይ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን በደንብ አላስታውስም፤ መንገዱ ዝግ ስለሆነ ቀብሩን የወንድሟ ልጆች ሱሉልታ ይፈጽሙታል፣ ለቅሶውን እኛ እዚህ እንቀመጣለን ተባለ፤ ጭቅጭቁን ግን አስታውሰዋለሁ። የእድሩ ደንብ ለባለትዳር ትልቁን ድንኳን ለሦስት ቀን ይሰጣል፤ ለላጤ ትንሹን ለአንድ ቀን። ኦቦ ፈይሳ ትንሹን አዘዙ።

«ደንብ ነው» አሉ። «እኔ አልጻፍኩትም።»

እማዬ በጉባኤ ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። የዚያን ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች። «ኦቦ ፈይሳ፣ የትልቋን ልጅዎን ሠርግ ማን ሠራ? የእናትዎን ተዝካር ማን ሠራ? አሁን እዚህ ከቆምነው የዲንቄን እጅ ያልበላ ማነው?»

«በልቻለሁ፤ ግን ደንቡ...»

«እንግዲያው ትንሹን ይትከሉ። የበላው ሁሉ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ ደንቡን ይጠይቁት።»

ትንሹን ተከሉ። እስከ እኩለ ቀን ሞልቶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆመ። መንገድ ስለተዘጋ በእግራቸው ነው የመጡት። ከአሸዋ ሜዳ፣ ከገፈርሳ ማዶ። የዳረቻቸው ሙሽሮች ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። ከጣቢያ የተፈታ አንድ ልጅ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ማንም ምንም አልጠየቀውም። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ፈይሳ ማንንም ሳያዩ «ትልቁን አምጡ» አሉ።

እኔ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሌላ የሚቀመጥ አልነበረም። ሰው እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል። አንዲት ሴት «ልጇ ነሽ?» አለችኝ። «ሽንኩርት ከታፊዋ ነኝ» አልኳት። በአጠገቤ እማዬ ከልቧ ታለቅስ ነበር። በሁለተኛው ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለዲንቄ ብቻ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «አባትሽም የት እንዳለ አላውቅም። እዚህ ካላለቀስኩለት የት አለቅሳለሁ?» እጇን ያዝኩ። ባል ያላት ሴት የላጤ ድንኳን ውስጥ ተደብቃ ለባሏ ስታለቅስ አየሁ።

ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። አዴ ዲንቄ ከሱሉልታ እስከ አዲሱ ገበያ በገለባ መኪና፣ ከዚያ በኋላ በእግሯ መጥታ ግቢው በር ላይ ደረሰች። ድንኳን አየች። እኔና እማዬ ሐዘንተኛው ቦታ ተቀምጠናል። የሞተው አባዬ መሰላት። ዕቃዋን በር ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ገባች።

«ወይኔ የመንገድ ሰው! ወይኔ ሹፌሩ! ሳትሰናበተኝ!»

እማዬ የሰማችው ሹፌሩ የሚለውን ነው። የባሏ መርዶ መጣ ብላ «ወይኔ የልጄ አባት!» ብላ ልትወድቅ ስትል ቀና አለች። አየቻት። እኔም አየኋት። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አያት። አንዲት ሴት ንፍሮውን ከነትሪው ለቀቀችው። ኦቦ ፈይሳ ተነሥተው አማተቡ። አዴ ዲንቄ ብቻዋን ለአባዬ ታለቅሳለች።

ቀስ እያለች ዝም አለች። ዙሪያዋን አየች።

«ማል ታቴ? ምን ሆናችሁ? ማነው የሞተው?»

 እንግዲህ ዝም ማለት የማልችለው እኔ ነኝ።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እኔ ምን?»

«የሞትሽው።»

ቆም ብላ አሰበች። ሱሉልታ ወጡን አስረክባ ቁርጠት ጣላት፤ ሁለት ቀን ተኛች፤ የሠርጉ ቤት ሰዎች ሹፌሩን «ትንሽ አሟታል፣ ዘመድ ብቅ ይበል» ብለው የላኩት በእውነት ትንሽ ስላመማት ነው። ሹፌሩም አንገቱን የደፋው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ስላልነበረው እንደሆነ በኋላ ሰማን። ነገሩ እንዴት እንደተሳሳተ ሳንነግራት ገባት። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«ይሄ ትልቁ ድንኳን አይደለም?»

«ትልቁ ነው» አሉ ኦቦ ፈይሳ ፈጠን ብለው።

«ላጤ ትንሹ ነው አይደል እንዴ? ለአንድ ቀን?»

«ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው» አሉ፤ እንደ ልጅ ነበር የሚመልሱላት።

 የድንኳኑን ምሰሶ በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ዓይኗ ለእንግዳ የቀረበው ምስር ወጥ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብላ በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች።

«ማነው ይሄን የሠራው?»

«እኔ» አልኩ።

«ሽንኩርቱ አልበሰለም። ለኔ ለቅሶ ነው እንዲህ ያለ ወጥ?»

ድንኳኑ ፈነዳ። እንደዚያ አይነት ሳቅ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያለቅስም ነበረበት። ኦቦ ፈይሳ «ስሚ ዲንቄ፣ እድሩ ግዴታውን ተወጥቷል። ሁለተኛ ብትሞቺ የለንም» አሏት። ባለፈው ሐምሌ ግን ትልቁን ድንኳን ማንም ሳይጠይቃቸው ያስተከሉት እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ አልጋዋ ላይ ጎኔን ጣል አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። ማን መጣ፣ ማን አለቀሰ፣ ማን ሐሜት አወራ። እሷ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ እንደ ተረት ትሰማኛለች። ስትስቅ ሆዷን ትይዛለች። በመጨረሻ ሳቋን ተወችና፦

«እናቴ ብሎ ያለቀሰ ሰው ነበር?» አለችኝ።

ልዋሻት እችል ነበር። «የለም» አልኳት። «አዴ ያለ ብዙ ነው። እናቴ ያለ የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነው። ከየት ይመጣል።» ውኃውን በእግሯ ትንሽ አማሰለች። «ሌላው ግን ጥሩ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነው።»

«እማዬ ካላገባሽ ማን ይቀብርሻል ትለኛለች።»

«ለቀብር ብለሽ ባል አታግቢ! ቀብር የእድር ሥራ ነው፤ አየሽ አይደል? ሳልሞት እንኳ ቀበሩኝ።»

«ታዲያ ትዳር ለምንድነው?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የላከውን ጠይቂው።»

ዓርብ መንገድ ተከፈተ። ቅዳሜ በማለዳ ታክሲ እየቀያየርኩ ሰበታ ሄድኩ። ጌታሁንን ከፋብሪካው በር አስጠርቼ አወጣሁት። ቱታ ለብሶ፣ እጁ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«ለምንድነው የፈለግከኝ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ሰላም አይባልም?»

«ሰላም። ለምን?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «ቤት ገብቼ ‹ዛሬ ምን ሆነ መሰለሽ› የምለው ሰው የለኝም። ለግድግዳ ማውራት ሰለቸኝ። አንቺ ደግሞ እንደ ግድግዳ አትሰሚም፤ ትመልሻለሽ።»

«ወጥ መሥራቴን አልተውም።»

«ማን ተዪ አለሽ?»

«ቅዳሜና እሑድ ቤት አልገኝም።»

«እኔም በፈረቃ ነው የምሠራው።»

«አልጋው ሰፊ መሆን አለበት። እኔ በሰያፍ መተኛት እፈልጋለሁ።»

ይሄኛው ትንሽ አስቸገረው። «እንደራደርበታለን» አለ። የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

የዚያኑ ቀን አባዬም ከነቀምት ደህና ገባ። እማዬ ስትዘፍን ነበር ያገኘኋት። እሑድ ሽማግሌዎቹ በሁለት ሳምንታቸው መጡ። አዴ ዲንቄ ከእማዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ ኦቦ ፈይሳ አሁንም በሕይወት መኖሯን እያረጋገጡ እንዳሉ ሁሉ ሰረቅ አድርገው ያዩዋታል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ደጃችሁን ረግጠን ነበር። መልሳችሁን ልንሰማ መጥተናል።»

እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ ፂሙን አሻሸና «እኔ ከመንገድ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ልጅቷ ራሷ ትናገር» አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን አልለመዱም፤ አጉረመረሙ። እኔ ከጓዳ ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«እሺ ብያለሁ» አልኩ።

እማዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ኦቦ ፈይሳ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ልጄ፣ ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሁለት ሳምንት አንከራተትሽን?»

«ፈርቼ እንዳላገባ ነው።»

«ምኑን ፈርተሽ?»

«ብቻዬን መቅረቱን። አሁን አልፈራውም። ስለዚህ ማግባት እችላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን ወደ አዴ ዲንቄ ቀሰሩ።

«ይሄ ያንቺ ትምህርት ነው!»

«የኔ አይደለም» አለች አዴ ዲንቄ ነጠላዋን እያስተካከለች። «እኔ ያስተማርኳት ሽንኩርት መክተፍ ነው። ይሄንን ከሞትኩ ወዲህ ራሷ ነው የተማረችው።»